ስልክን በጨረር የሚያጸዳው ሳጥን፦ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የስምንት ወር አጠቃቀማችን

የምሠራው በጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ክፍል ውስጥ በነርስነት ነው። ላለፉት ስምንት ወራት የእጅ ስልክን በአልትራቫዮሌት ጨረር ከጀርም ያጸዳል ተብሎ የሚሸጥ አንድ ሳጥን በክፍላችን መግቢያ ላይ አስቀምጠን ስንጠቀምበት ቆይተናል። ሳጥኑን ያመጣልኝ ዱባይ የሚሠራው ወንድሜ ነው፤ ይሁን እንጂ ተመሳሳዩ ዕቃ የተለያየ ስም እየተለጠፈበት በብዙ ቦታ ስለሚሸጥ፣ አስተያየቴ አንድን ፋብሪካ ሳይሆን የዕቃውን ዓይነት የሚመለከት መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ሳጥኑ ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ በእርግጥ ያጸዳል፤ ነገር ግን በስልክ ላይ ጨረሩ የማያርፍበት ቦታ ብዙ ነው፤ በ70 በመቶ አልኮል የረጠበ ጎዝ በእጁ ያለና የስልኩን ከቨር የማውለቅ ልማድ ያደረገ የጤና ባለሙያ ሳጥኑን ባይገዛ የሚያጣው ጥቂት ነው።

ሳጥኑን እንድፈልግ ያደረገችኝ አንዲት እናት ናት። የሌሊት ዱቲ ላይ ነበርኩ፤ እርሷ ደግሞ ወሩ ሳይደርስ የተወለደውን ልጇን ደረቷ ላይ አስተኝታ በካንጋሩ እንክብካቤ ታሞቀው ነበር። እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ አልኮል አሽቼ ወደ እርሷ ስጠጋ ስልኬ ጮኸ። ከጋዋኔ ኪስ አወጣሁት፣ ድምፁን አጠፋሁት፣ መልሼ ኪሴ ከተትኩትና እጄን ወደ ሕፃኑ ዘረጋሁ። እናቲቱ ልጇን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈን አደረገችና በዝግታ፣ «ሲስተር፣ አይቀየሙኝ፤ እኔን ልጅሽን ከመንካትሽ በፊት ታጠቢ ትሉኛላችሁ፤ ስልኩስ ታጥቧል?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ ተመልሼ ታጠብኩ። በየዓመቱ የእጅ ንጽሕና ሥልጠና እንወስዳለን፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣቸውን አምስቱን የእጅ ማጽጃ ወቅቶች በቃላችን እንወጣቸዋለን፤ ታጥበን ጨርሰን ስልክ ስንነካ ግን ያ ሁሉ ትጋት በአንድ ቅጽበት እንደሚፈርስ ያሳየችኝ እርሷ ነበረች።

ጥያቄዋ ተገቢ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አገራችንም ውስጥ አለ። በሐረር በሚገኘው ሕይወት ፋና ስፔሻላይዝድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተካሄደና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ226 የጤና ባለሙያዎች ስልኮች ናሙና ወስዶ በ94.2 በመቶዎቹ ላይ ባክቴሪያ አግኝቷል። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ቱርክ ውስጥ በ200 የሆስፒታል ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናትም 94.5 በመቶ የሚል ተቀራራቢ ውጤት ነበረው። ከእነዚህ ተሕዋስያን አብዛኞቹ በማንኛውም ጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ የሚኖሩ መሆናቸው እውነት ነው፤ ይህን የሚጠቅሱ ባልደረቦቼም አልተሳሳቱም። ነገር ግን የእኛ ታካሚዎች ክብደታቸው ከሁለት ኪሎ በታች የሆነ፣ ቆዳቸው እንደ ስስ ወረቀት የሆነ፣ በደም ሥራቸው ካኑላ (መድኃኒት የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) የገባላቸው ሕፃናት ናቸው፤ ለእነርሱ የቆዳ ባክቴሪያ ራሱ የደም መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። በሐረሩ ጥናት ደግሞ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስና ክሌብሲየላ የተባሉት፣ ከባድ ሕመም ሊያመጡ የሚችሉ ባክቴሪያዎችም ተገኝተዋል። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሠራ ሰው ክሌብሲየላ የሚለውን፣ የጨቅላ ሕፃናትን ደም የሚመርዘውን ባክቴሪያ ስም ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ለሥራ ባልደረቦቼ መንገር አያስፈልገኝም።

ስልክን የተለየ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። ጋዋን ይታጠባል፣ ጓንት ይጣላል፣ አልጋ በበረኪና ይወለወላል፤ ስልክ ግን ከታካሚ አጠገብ ወደ ምሳ ጠረጴዛ፣ ከዚያም ወደ ቤትና ወደ ልጆቻችን እጅ ሳይታጠብ ይሄዳል። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ በደረቅ ገጽ ላይ ከ7 ቀን እስከ 7 ወር ድረስ በሕይወት ሊቆይ እንደሚችል በጥናት ተመዝግቧል። ስለዚህ ዛሬ ስልኬ ላይ ያለው ነገር የዛሬ ታካሚዬ ብቻ ሳይሆን ባለፈው ወር የሸኘሁት ሕፃን የተወልኝም ሊሆን ይችላል።

ስልክ ወደ ክፍሉ አይግባ ማለት ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ አንዳንድ ኃላፊዎችም ሞክረውታል። በእኛ ዋርድ ግን ስልክ የሥራ ዕቃ ነው። የግሉኮስን ጠብታ በደቂቃ የምንቆጥረው በስልክ ሰዓት ነው፤ የመድኃኒት መጠን የምናሰላው በስልክ ነው፤ የላብራቶሪ ውጤት ለሐኪሙ በቴሌግራም የሚላከው በስልክ ነው፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ጀነሬተሩ እስኪነሳ የሕፃኑን ደም ሥር የምንፈልገው በስልክ ባትሪ ነው። አንድ ባልደረባዬ ሁለት እጇ ሲያዝባት ስልኩን በጥርሷ ነክሳ ስታበራ አይቻለሁ። የሚያስፈልገን ስልኩን የሚያስቀር ደንብ ሳይሆን ስልኩን የሚያጸዳ መላ ነበር፤ ሳጥኑም የመጣው በዚህ ተስፋ ነው።

ሳጥኑ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማይበልጥ፣ ክዳን ያለው ነጭ ፕላስቲክ ነው። ውስጡ እንደ መስታወት በሚያብረቀርቅ ሽፋን ተለብጧል፤ በክዳኑ ውስጠኛ ጎን ትናንሽ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖሎች ተተክለዋል። ኃይል የሚያገኘው በተራ የስልክ ቻርጀር ገመድ ነው። አሠራሩ የታወቀና እውነተኛ ሳይንስ ነው፤ ዩ.ቪ.ሲ. የሚባለው አጭር ሞገድ ያለው ጨረር የተሕዋስያኑን ዲ.ኤን.ኤ. ስለሚጎዳው መራባት አይችሉም። የቀድሞዎቹ የሜርኩሪ መብራቶች በ254 ናኖሜትር (የሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) ይሠራሉ፤ የአሁኖቹ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖሎች ደግሞ በአብዛኛው ከ265 እስከ 280 ባለው ውስጥ ናቸው። ብርሃን ለሕክምና መዋሉም አዲስ ነገር አይደለም፤ ዴንማርካዊው ሐኪም ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ቲቢን በብርሃን በማከም በ1903 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በእኛ ሆስፒታል ላብራቶሪም የናሙና መሥሪያ ካቢኔቱ ውስጥ እንዲህ ያለ መብራት አለ። የላብራቶሪ ባለሙያዎቹም ካቢኔቱን በመብራቱ ብቻ አይተዉትም፤ በአልኮል ይወለውሉታል። ይህን ልብ ብዬ ያስተዋልኩት ግን በኋላ ነው።

የላብራቶሪ ባልደረባችን በጥያቄዬ አንድ ቀላል ሙከራ አደረገልኝ፤ ጥናት ልለው አልችልም፤ የታየውን ግን ልናገር። ከስልኬ ላይ በእርጥብ ስዋብ (ጫፉ ጥጥ በሆነ እንጨት) ሦስት ጊዜ ናሙና ወስዶ ባክቴሪያ በሚበቅልባቸው ሳህኖች ላይ ቀባ፦ ምንም ሳይጸዳ፣ ከቨሩ እንዳለ ሳጥኑ ውስጥ ከቆየ በኋላ፣ እንዲሁም ከቨሩ ወልቆ በሁለቱም ጎን ከተጸዳ በኋላ። በማግሥቱ ከማሞቂያው ሲያወጣቸው የመጀመሪያው ሳህን በምጣድ ላይ የተረጨ ጤፍ ይመስል ነበር፤ ነጭና ቢጫ ነጠብጣብ ሙሉውን ሸፍኖታል። ሁለተኛው ከስክሪኑ በተወሰደው በኩል ንጹሕ ሊባል የሚችል ሲሆን፣ ከከቨሩ ጠርዝ በተወሰደው በኩል ግን ከመጀመሪያው እምብዛም አይለይም። በሦስተኛው ላይ ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ነበር፤ እነርሱም ከድምፅ ማውጫው ቀዳዳና ከቻርጀር መሰኪያው አካባቢ የመጡ ናቸው። ባልደረባችን የከቨሬን ውስጠኛ ጎን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አሳየኝ፤ በጠርዙ ዙሪያ ላብ፣ የእጅ ቅባትና የጋዋን ብናኝ ተጣብቆ ግራጫ መስመር ሠርቶ ነበር። ስልኩን በገዛሁ በሁለት ዓመት ውስጥ ያንን ቦታ አንድም ቀን አላየሁትም።

የሳጥኑ ዋና ድክመት ይኸው ነው፤ ብርሃን ስለሆነ ጥላ ያሸንፈዋል። ከቨር ሥር አይገባም፣ ቆሻሻ ሥር አይገባም፣ በተሰነጠቀ የስክሪን መከላከያ ስንጥቅ ውስጥ አይገባም። የቆዳ ወይም የጨርቅ ከቨር ያለው ስልክ ቢያስገቡበት ጨረሩ የላይኛውን ክር ብቻ ነክቶ ይቀራል። የእኛ ሳጥን አምፖሎች በክዳኑ ላይ ብቻ ስለሆኑ ስልኩ የተኛበት ጎን ሳይጸዳ ይቀራል፤ ስለዚህ አምስት ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ ገልብጦ ሌላ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ማስታወቂያው ግን «በአምስት ደቂቃ ሙሉ ንጽሕና» ይላል፤ ይህ ስልኩን መገልበጥ ያለበትን ሰው የሚያሳስት አነጋገር ስለሆነ በግልጽ መነቀፍ አለበት። ከታችም አምፖል ያላቸው፣ ስልኩ ጨረር በሚያሳልፍ ኳርትዝ መስታወት ላይ የሚያርፍባቸው ዓይነቶች አሉ፤ ለመግዛት የወሰነ ሰው ቢያንስ እነዚያን ይምረጥ።

ሁለተኛው ድክመት ጊዜ ነው፤ ለእኛ ክፍል ከሁሉም የከበደውም ይኸው ነው። ሳጥኑ የሚይዘው አንድ ስልክ ብቻ ነው። በጠዋት ርክክብ ላይ ስምንት ሰው ቢኖርና እያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ቢጠብቅ፣ የመጨረሻው ሰው ተራው የሚደርሰው ራውንዱ (የሐኪሞች የታካሚ ጉብኝት) ከተጋመሰ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁላችንም ተሰልፈናል፤ በሁለተኛው ወር ግን ሳጥኑን የምንጠቀመው ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ሆነን ቀረን። ማንንም አልወቅስም፤ አሥር ሕፃን ይዞ የሚጨነቅ ነርስ ሳጥን ፊት ቆሞ ሊጠብቅ አይችልም። በዚህ ላይ መብራት ሲቋረጥ ሳጥኑ መሀል ላይ ይጠፋል፤ ተመልሶ ሲመጣ ሥራውን ጨርሶ እንደሆነ ወይም እንዳልጨረሰ የሚናገር ምልክት የለውም። ፓወር ባንክ በማያያዝ ይህን በከፊል አቃለናል። የአምፖሎቹ ኃይል ከጊዜ ጋር መድከሙን ማወቂያ መንገድም አልተሠራለትም። ትልልቆቹ ስልኮች ከነከቨራቸው አይገቡም፤ ይህ ግን ሰዎችን ከቨር እንዲያወልቁ ስላስገደደ ከጉድለቱ ይልቅ ጥቅሙ ያመዝናል።

ለደኅንነት ሲባል መነገር ያለበትን እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ከወንድሜ ሳጥን በፊት አንዲት ባልደረባዬ ከአንድ ሱቅ በርካሽ የገዛችው ሌላ ሳጥን ነበር፤ ክዳኑ ሲከፈት ሐምራዊው መብራት አይጠፋም። ዩ.ቪ.ሲ. ቆዳን ያቃጥላል፣ የዓይንን ብሌን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሊጎዳ ይችላል፤ ሕመሙም አሸዋ ዓይን ውስጥ የገባ ያህል ሆኖ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ክዳኑ ሲከፈት ወዲያውኑ የማይጠፋ ሳጥን በምንም ዋጋ መገዛት የለበትም። ሐምራዊ ብርሃን ማየትም ጀርም እየሞተ ስለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ዩ.ቪ.ሲ. ራሱ በዓይን የማይታይ ሲሆን፣ በርካሽ ዕቃዎች ላይ የሚታየው ሐምራዊ ብርሃን 400 ናኖሜትር አካባቢ ያለ፣ ጀርም የመግደል አቅሙ እጅግ ደካማ የሆነ ሊሆን ይችላል። በካርቶኑ ወይም በመመሪያው ላይ የሞገዱ ርዝመት በናኖሜትር ያልተጻፈበትን ዕቃ አለመግዛት ይሻላል። በእጅ ተይዘው ገላጣ ላይ የሚበሩትን የጨረር ዱላዎች በተመለከተ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2022 እ.ኤ.አ. አንዳንዶቹ አደገኛ መጠን ያለው ጨረር እንደሚያወጡ አስጠንቅቋል፤ ሕፃናት ባሉበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለባቸውም። ስልክን ፀሐይ ላይ ማስጣት ይበቃል የሚሉም አሉ። የፀሐይ ዩ.ቪ.ሲ. በኦዞን ሽፋን ተውጦ ስለሚቀር መሬት አይደርስም፤ ሙቀቱ ደግሞ የስልኩን ባትሪ ይጎዳል።

ታዲያ ከሳጥኑ ጋር ሳወዳድር የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት አልኮልና ጎዝ ነው። ስልኩን አጥፍቶ፣ ከቨሩን አውልቆ፣ በ70 በመቶ አልኮል የረጠበ ግን የማይንጠባጠብ ጎዝ ይዞ መጀመሪያ ስክሪኑን፣ ቀጥሎ ጀርባውን፣ በመጨረሻም ጠርዙንና ቁልፎቹን መወልወል፣ ከቨሩንም በውስጥና በውጭ መወልወል፣ ከዚያም በጨርቅ ሳያደርቁ በራሱ እንዲደርቅ መተው ነው፤ ጠቅላላው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። መወልወሉ ራሱ ቆሻሻውን ያነሳል፤ ጨረር ይህን ማድረግ አይችልም። 95 በመቶው አልኮል ይበልጥ ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን አልኮል የተሕዋስያኑን ፕሮቲን ለማበላሸት ውኃ ስለሚያስፈልገውና ንጹሑ አልኮል ቶሎ ስለሚተን 70ው ይመረጣል። አፕል ኩባንያም ቀድሞ ለስልኮቹ አልኮል እንዳይነካቸው ይመክር የነበረ ቢሆንም፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና በተስፋፋበት ወቅት 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ያለው መጥረጊያ መጠቀም እንደሚቻል አስታውቋል። በረኪና ግን ብረቱንና ሽፋኑን ስለሚበላ ለስልክ አይሆንም።

ብዙዎቻችን የምንሠራው አንድ ስህተት አለ፤ የእጅ ሳኒታይዘሩን ስልክ ላይ እንቀባዋለን። በየሆስፒታሉ በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር የሚዘጋጀው የእጅ አልኮል የእጅ ቆዳ እንዳይደርቅ 1.45 በመቶ ግሊሰሮል፣ ከዚህም ጋር ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጨመርበታል። ግሊሰሮሉ ለእጅ ጥሩ ነው፤ ስክሪን ላይ ግን የሚያጣብቅ ስስ ቅባት ትቶ ይሄዳል፤ ብናኝም ይይዛል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበትን ነገር ደግሞ አፕል ለስልኮቹ አይፈቅድም። ለስልክ የሚሆነው ለመርፌ ቦታ መጥረጊያ የምንጠቀምበት ተራው አልኮል ነው።

አልኮልም ሁሉን ቻይ አይደለም። ስፖር የሚባለውን ጠንካራ መከላከያ ቅርፊት የሚሠሩ ባክቴሪያዎችን ስፖር አይገድልም፤ በቂ መጠን ያለው ዩ.ቪ.ሲ. በዚህ በኩል ይበልጠዋል። በተደጋጋሚ መወልወልም በስክሪኑ ላይ ያለውን የጣት አሻራ መከላከያ ሽፋን ቀስ በቀስ ያሳሳል፤ የእኔ ስክሪን እንደ ቀድሞው አይንሸራተትም። ይህን ዋጋ በደስታ እከፍላለሁ። ጓንት እንደለበሱ ስልክ ለመንካት ለሚገደዱ ባልደረቦች ደግሞ ስልኩን በንጹሕ ግልጽ ፕላስቲክ ከረጢት ማሸግ ጥሩ መላ ነው፤ ስክሪኑ በፕላስቲኩ ላይ ይታዘዛል፣ ዱቲ ሲያልቅ ከረጢቱ ይጣላል።

ሳጥኑ ለማን ይጠቅማል ለሚለው፣ አልኮል የማይወዱ ዕቃዎች ላሏቸው ሰዎች እላለሁ። እኛ አሁን በብዛት የምናስገባበት የመታወቂያ ካርድ፣ መነጽርና የጆሮ ማዳመጫ ነው፤ እነዚህን ያለ ብዙ ድካም ያጸዳል። ለስልክም ቢሆን ቀድሞ ለተወለወለ ስልክ ተጨማሪ ጥበቃ ይሆናል። ሳይወለወል ከነከቨሩ ለሚገባ ስልክ ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል፤ ባለቤቱ ጸድቷል ብሎ ስለሚያምን እጁን መታጠብ ይተዋልና። በሁለተኛው ወር ይህን በራሴ ላይ አይቻለሁ፤ ስልኬን ከሳጥኑ አውጥቼ በቀጥታ ወደ ሕፃን ስሄድ የክፍላችን ኃላፊ ሲስተር እጄን ይዘው ወደ ቧንቧው መለሱኝ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ወንድሜ ሳጥኑን በገዛበት ገንዘብ ክፍላችን ለወራት የሚበቃ አልኮልና ጎዝ ሊገዛ ይችል እንደነበር ሒሳቡን ሠርተን አይተናል። አሁን በመግቢያው መደርደሪያ ላይ ከሳጥኑ ጎን ክዳን ያለው ማሰሮ ተቀምጧል፤ በውስጡ በየዱቲው መጀመሪያ በአልኮል የሚነከር የተቆረጠ ጎዝ አለ። ከማሰሮው በላይ ግድግዳው ላይ አንዲት ባልደረባዬ በትልልቅ ፊደል የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል፤ የሚለውም የዚያችን እናት ጥያቄ ነው፦ «ስልኩስ ታጥቧል?»